አጋፋሪው የሚጠይቅልን ስም

ነቀምቴ ስሟ ብዙ ነው። በድሮ የአማርኛ ጽሑፎች ለቀምት ናት። ጣሊያኖች በካርታቸው ላይ ሌከምቲ ብለዋታል። ዛሬም ነቀምት የሚላት አለ፣ ነቀምቴ የሚላት አለ፤ በቁቤ ስትጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይኖራታል። ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ደምቢ ዶሎም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1941 የጣሊያን ሠራዊት ለቤልጂየም ኮንጎ ጦር እጁን የሰጠባት ስፍራ በአውሮፓውያን መጻሕፍት የምትታወቀው ሳዮ በሚለው ስሟ ነው። ደብዳቤ በየትኛውም ስም ቢላክ ግን ባለቤቱን አያጣም ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሲራራ ነጋዴ ወይም አንድ የፖስታ ሠራተኛ «ለቀምት ማለት እኮ ያቺ ናት» ብሎ ያቀናዋል።

ስልክ ሲመጣም ይኸው ስም አዋቂ አልቀረም። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የስልክና የቴሌግራም መስመር ሥራ ተጀመረ። ኋላ ስልክ በየአውራጃው ሲስፋፋ፣ በእጅ በሚሠራ ማዞሪያ የሚደውል ሰው ቁጥር ማወቅ ግዴታው አልነበረም። «እገሌን አገናኙኝ» ይላል፤ ማዞሪያው ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ስሙን ሰምታ ገመዱን ከተገቢው ቀዳዳ ትሰካለች። ደዋዩ የሚያውቀው ስም ነው፤ ቦታውን የምታውቀው እሷ ናት። ወለጋ ውስጥ ከፕሮክሲ፣ ማለትም ስለ እሱ ወደ መረብ ከሚወጣ አማላጅ ማሽን፣ ጀርባ የተቀመጠ ኮምፒውተር ዛሬ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድ መዝገብ፣ አንድ ጸሐፊ

የኮምፒውተሮች መረብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በአርፓኔት ነው። ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነበር፤ ሰው ግን ቁጥር መሸምደድ አይሆንለትም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም አንድ መዝገብ ተከፈተ፤ በአንድ ወገን ስም፣ በሌላው ወገን ቁጥር። መዝገቡን ይጠብቅ የነበረው በኤልሳቤጥ ፋይንለር የሚመራው ቡድን ነው። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሁሉ ለእነሱ ያስመዘግባል፤ የቀሩትም ፋይሉን በየጊዜው እየገለበጡ ይወስዳሉ።

መረቡ በመቶዎች በሚቆጠሩ ማሽኖች ሲሞላ መዝገቡ ሸክም ሆነ። ቅጂው ሳይደርሰው የዘገየ ሁሉ አሮጌ ቁጥር ይዞ ይሳሳታል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ቢመርጡ ዳኛ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1983 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ሞካፔትሪስ፣ በባልደረባው በጆን ፖስቴል አደራ ተሰጥቶት የዶሜይን ስም ሥርዓትን ንድፍ አወጣ። ዲ.ኤን.ኤስ. የምንለው ይህ ነው። መዝገቡ ተበታተነ፤ እያንዳንዱ የራሱን ጓዳ ብቻ እንዲያውቅ፣ ስለ ሌላው ሲጠየቅ ግን ወደሚያውቀው እንዲመራ ተደረገ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1987 ተሻሽሎ የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ መሠረቱ እሱው ነው።

አሠራሩ አገራችን ውስጥ ሰው ከሚፈለግበት መንገድ ጋር ይመሳሰላል። ሩቅ አገር ያለ ዘመድ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ክፍለ አገሩን ይጠይቃል፣ ከዚያ ወረዳውን፣ ከዚያ ቀበሌውን፣ በመጨረሻ የቤቱን ደጃፍ። የዶሜይን ስምም ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ወለጋዩኒቨርሲቲ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ የሚለውን ስም የሚፈልግ ማሽን ሥሩን «ኢቲን የሚያውቅ ማን ነው?» ይለዋል፤ ኢቲን ስለ ኢዲዩ ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ያለበት ዘንድ ደርሶ ቁጥሩን ይቀበላል። ከመንገድ ያገኘውንም መልስ ለተወሰነ ጊዜ በኪሱ ያኖረዋል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ያንኑ መንገድ አይደክምም።

አዲስ አበባ ላይ ግን መረብ የገባው በሌላ በር ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በተባለ መረብ አማካይነት ኤሌክትሮኒክ መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ። መልእክቱ ቀን ተጠራቅሞ ይቆይና በስልክ መስመር ተደውሎ በጥቅሉ ይላካል። ፊዶኔት አፍሪካን ዞን 5 ብሎ መድቧት ነበር፤ የአባላቱ ዝርዝር ደግሞ በየሳምንቱ ታድሶ የሚበተን አንድ ፋይል ነው። አርፓኔት የተወው የመዝገብ ዘዴ እኛ ጋ በዚህ መልኩ ሌላ ዕድሜ አገኘ።

አጋፋሪ ተሾመ

ነቀምቴ ከተማ ውስጥ የኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። በዚያ ዘመን በማንኛውም የመኳንንት ግቢ ባለ ጉዳይ ሰተት ብሎ እልፍኝ አይገባም። ደጅ ይጠናል፤ ለአጋፋሪው ስሙንና ጉዳዩን ይነግራል፤ አጋፋሪው ገብቶ መልሱን ይዞለት ይወጣል። ባለ ጉዳዩ እልፍኙ በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም።

የመረቡ አጋፋሪ የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ፊንላንዳዊው አሪ ሉኦቶነን፣ ከኢንቴል ኩባንያው ኬቨን አልቲስ ጋር ስለ ድር ፕሮክሲ ጥናት አቀረበ። ሐሳቡ በአጥር ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች በአንድ በር በኩል ብቻ ወደ ውጭ እንዲያዩ ነው። በጥናቱ ውስጥ በጨረፍታ የተነገረች አንዲት ነገር ነበረች፤ የስም አገልግሎት ጨርሶ የሌለው ኮምፒውተር እንኳ ድርን መጠቀም ይችላል፣ ማወቅ የሚያስፈልገው የፕሮክሲውን ቁጥር ብቻ ነው የምትል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮክሲ የሌለው ብራውዘር በመጀመሪያ የዶሜይን ስሙን ወደ ቁጥር ያስለውጣል፤ ከዚያ ወደዚያ ቁጥር ሄዶ ገጹን ይጠይቃል። ፕሮክሲ ያለው ብራውዘር ግን የመጀመሪያውን እርምጃ ይዘለዋል። ሙሉውን አድራሻ ከነስሙ ለፕሮክሲው አስረክቦ ይቀመጣል። ስሙን የሚጠይቀውም፣ ቁጥሩን የሚይዘውም፣ ገጹን የሚያመጣውም አጋፋሪው ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓለም የስም ሥር ላይ የራሷን ቅርንጫፍ፣ ነጥብ ኢቲን አገኘች። አገሪቱ ግን ገና ከኢንተርኔት አልተገናኘችም፤ ቤቱ ሳይሠራ የቤት ቁጥሩ ተለጠፈ ማለት ነው። በቀጣዩ የፈረንጆች ዓመት፣ በ1996፣ የአጋፋሪው ሥራ ከሦስት ወገን ተስፋፋ። ስኩዊድ የተባለው ነጻ የፕሮክሲ ሶፍትዌር ብቅ አለ። ሶክስ 5 የተባለው ደንብ ወጣ፤ ቀዳሚው ሶክስ 4 ደንበኛው ቁጥሩን ራሱ አውቆ እንዲመጣ ያስገድድ ስለነበር፣ አዲሱ ስምን እንደ ስም መቀበሉ ትልቅ ለውጥ ነበር። ኔትስኬፕ የተባለው የብራውዘር ኩባንያ ደግሞ የትኛው አድራሻ በፕሮክሲ፣ የትኛው በቀጥታ እንደሚሄድ ለብራውዘሩ የሚነግር ፓክ የተባለ የመመሪያ ፋይል አመጣ።

በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ሞደም እየጮኸ የሚገናኝበት፣ ኢሜይል ለመክፈት ቡና የሚፈላበት ዘመን ነው።

ቁጥር ሲለወጥ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብ በሳተላይት በመቶዎች የሚቆጠሩ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ማገናኘት ጀመረ። ትምህርት በፕላዝማም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። አንድ ጥያቄ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ ደግሞ በዚያው መንገድ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሥሩን፣ ኢቲን፣ ኢዲዩን ተራ በተራ የሚጠይቅ ማሽን ለአንድ ስም ብቻ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ሊጠብቅ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ለየብቻው ከሚጠይቅ አንዱ ጠይቆ መልሱን ቢያስቀምጥላቸው እንደሚሻል ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አጋፋሪው እንደ ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ቆጣቢም የተወደደው እንዲህ ባለው መስመር ላይ ነው።

በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የአገሪቱ ስልክ ቁጥሮች በሙሉ ተለውጠው አሥር አሃዝ ሆኑ፤ የነቀምቴና የአካባቢዋ መለያ 057 ሆነ። በየቤቱ የነበረው የስልክ ማስታወሻ ደብተር በአንድ ቀን አረጀ፤ ሰው ሁሉ እስክሪብቶ ይዞ ቁጥር ሲያርም ሰነበተ። የማንም ስም ግን አልተለወጠም። ሞካፔትሪስ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያየው ይህንኑ ነው፤ ቁጥር የመስመሩ ነው፣ ሲያሻው ይለወጣል፤ ስም የሰው ነው፣ ይቆያል። ስለዚህ ሰው የሚይዘው ስሙን፣ ማሽን የሚፈልገው ቁጥሩን ይሁን።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ተከፈተ፤ ኋላ ጊምቢና ሻምቡም ካምፓስ አገኙ። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የቀድሞውን ኮርፖሬሽን ተክቶ ሥራ ጀመረ። በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ግቢዎች የኮምፒውተር ላብ እየበዛ ሄደ፤ ፕሮክሲም አብሮ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆየት እንበል። አንድ ላብ እናስብ፤ በወለጋ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ተማሪዋ ብራውዘሩ ላይ የፕሮክሲውን ቁጥርና 3128 የሚለውን የስኩዊድ በር አስገብታለች። ዊኪፔዲያ ተከፈተላት። ኔትዎርክ ተምራለችና ነገሩን ልታረጋግጥ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ያንኑ ስም በፒንግ ትእዛዝ ጠራችው። «ይህን ስም አላውቀውም» አላት። ገጹ ዓይኗ ፊት ተከፍቶ ሳለ ኮምፒውተሯ የገጹን ስም አላውቅም ይላል።

ኮምፒውተሩ አልዋሸም። ስሙን ጠይቆ አያውቅምና። ብራውዘሩ ስሙን ሳይመረምር ለአጋፋሪው አስረከበ፤ አጋፋሪው ጠየቀ፤ ገጹ መጣ። ፒንግ ግን አጋፋሪ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ራሱ ሊጠይቅ ወጣ፣ አጥሩ መለሰው። አዲስ ሶፍትዌር ለመጫን ብትሞክርም እንዲሁ ይገጥማታል። ጫኚው ፕሮግራም የአጋፋሪው አድራሻ በራሱ ቅንብር ውስጥ ካልተጻፈለት ስም ፍለጋ ሜዳ ላይ ይቀራል። ብዙ ተማሪ ዲ.ኤን.ኤስ. ተበላሽቷል ብሎ የጉግልን 8.8.8.8 ሲሞክር የሚያመሸው እዚህ ላይ ነው። ያ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2009 ጀምሮ ለማንም ክፍት ቢሆንም፣ አጥሩ ወደ ውጭ የሚወጣ የስም ጥያቄን ከዘጋ 8.8.8.8ም ያው ከአጥር ማዶ ነው።

ልምድ ያለው የላብ ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚያየው የስሕተቱን መልእክት ማን እንደጻፈው ነው። «ሰርቨሩ አልተገኘም» ያለው ብራውዘሩ ራሱ ከሆነ፣ ስሙን ሊጠይቅ የወጣው ኮምፒውተሩ ነው፤ ፕሮክሲው አልተነገረውም ማለት ነው። «የዚህን ስም ቁጥር ላገኝ አልቻልኩም» የሚል የስኩዊድ ገጽ ከመጣ ግን መልእክቱ አጋፋሪው ጋ ደርሷል፤ ስሙን ያጣው አጋፋሪው ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ለተማሪው አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ሦስተኛው ሕመም ደግሞ መልእክት የለውም፤ ገጹ ይከፈታል፣ ግን ከረጅም ዝምታ በኋላ። ይህ ብዙውን ጊዜ የፓክ ፋይሉ ጣጣ ነው። በውስጡ «ይህ ስም የየትኛው ቁጥር ነው?» የሚል መስመር ካለ፣ ብራውዘሩ ለአጋፋሪው ከማስረከቡ በፊት ራሱ ሊጠይቅ ይወጣል፤ የሚመልስለት የለምና ተስፋ እስኪቆርጥ ይጠብቃል። መስመሩ የስሙን ፊደላት ብቻ እንዲያነብ ሲታረም ዝምታው ይጠፋል።

ፊደላትን ካነሣን አይቀር፣ አጋፋሪው የማይሠራው አንድ ሥራ አለ። የስም ሥርዓቱ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ አሃዝና ሰረዝ ብቻ ነው። በቁቤ የተጻፈ ስም በአብዛኛው ያልፋል፤ ሁዻ የምትባለዋ ጭረት ግን ትጣላለች። የግዕዝ ፊደል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ፒዩኒኮድ በተባለ ዘዴ ወደ ላቲን ሆሄያት ተቀይሮ መላክ አለበት፤ ይህን የሚሠራው ስሙን ከማስረከቡ በፊት ብራውዘሩ ራሱ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ሲያሳትሙ የተጠቀሙት የግዕዝን ፊደል ነበር። የሥራቸውን የኋላ ዘመን ያሳለፉት፣ ያረፉትም ነቀምቴ ነው። ከዚያ ኅትመት 118 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የግዕዝ ፊደል በስም ሥሩ ላይ የሚጻፍበት ደንብ ጸደቀ።

በር ጠባቂው ሲበዛ

ስለ ስም የሚጠይቅ ሰው ማንን እንደሚፈልግ ይታወቅበታል። አጋፋሪው መልእክት ብቻ አያመላልስም፤ ማን ማንን እንደጠየቀ መዝግቦ ይይዛል፣ ያልወደደውንም ይመልሳል። ይህ በላብ ደረጃ ሲሆን የቤት ሥራን ከፊልም መለየት ነው። በአገር ደረጃ ሲሆን ሌላ ነገር ነው።

በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው መረብ በኢትዮጵያ ታገደ። ቶር ራሱ የአጋፋሪ ዘዴ ነው፤ ብራውዘሩ ስሙን በሶክስ ያስረክበዋል፣ ጥያቄው ግን የሚነሣው ከሩቅ አገር ነው። የታገደውም የውሂቡን ውስጥ በሚመረምር መሣሪያ ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ከወጣ በኋላ በድጋሚ ሲሰጥ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በመስከረም መጨረሻ 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ኡኒ የተባለው የመረብ ምርመራ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ባወጡት ዘገባ የዚህኑ ውስጥ መርማሪ መሣሪያ ምልክት እንዳገኙ ገለጹ። ስለዚህ ዲ.ኤን.ኤስ. መቀየር ለብዙዎች አልሠራም፤ ስሙ ትክክለኛ ቁጥሩን ያገኛል፣ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ይመለሳል። ሰው ወደ ቪፒኤን ዞረ። ላብ ውስጥ «ፕሮክሲ አስገባ» ማለት የሚያስገባውን በር አሳየኝ ማለት ነበር፤ አሁን ከበር ጠባቂው ማምለጫ ማለትም ሆነ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ታግደው የነበሩ ከሁለት መቶ በላይ ድረ ገጾች ተከፈቱ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ጥቅምት ላይ የስም ጥያቄን በተመሰጠረ የድር ግንኙነት ውስጥ ሸፍኖ የሚልክ ደንብ ወጣ። ገጾቹም አብዛኞቹ ወደ ምስጢራዊው ግንኙነት ተሻግረው ነበር። የላቡ አጋፋሪ ከእንግዲህ የገጹን ይዘት አያይም፤ የሚቀርለት ባለ ጉዳዩ ደጃፉ ላይ የሚጠራው ስም ብቻ ነው። ይዘቱ ሲሸፈን ስሙ ከድሮው ይልቅ ዋጋ አገኘ።

ከዚያ በሩ ራሱ ጠፋ። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ሞባይሉም፣ የቤት ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ ጥሪና አጭር መልእክት በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ቀረ። መንግሥት በአካባቢው ከታጣቂዎች ጋር እየተዋጋ ነበር። ሦስተኛው ወር ገባ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገሪቱ ተገኘ። እጅ ስለ መታጠብና ስለ መራራቅ በየቀኑ ይነገራል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችን የመሰሉ ድርጅቶች መስመሩ እንዲከፈት እየጠየቁ ነው፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ግን ስልክ አይነሣም።

በእነዚያ ወራት ስልኮቹና ኮምፒውተሮቹ ይዘዋቸው የነበሩት ቁጥሮች ሁሉ አረጁ። የስም ሥርዓቱ እያንዳንዱን መልስ የሚሰጠው ከነዕድሜው ነው፤ አንዳንዱ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዱ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለቀናት። ለሦስት ወር የሚቆይ የለም። ስሞቹ ግን በሰውም ጭንቅላት፣ በማሽኑም የተጠራቀመ ዝርዝር ውስጥ እንዳሉ ነበሩ።

መጋቢት 22 ቀን መስመሩ ተመለሰ። ኪስ ውስጥም ጠረጴዛ ላይም የነበሩት ስልኮች ኔትዎርክ አገኙ። ባለቤቱ እጁን ከመስደዱ በፊት ስልኩ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚልካት የመጀመሪያዋ የውሂብ ጥቅል መልእክት አትይዝም፣ ፎቶም አትይዝም። የምትይዘው አንድ ስምና አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ስም የት ነው ያለው?